ሃያ አራተኛው ቦይ

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 9 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአክሊሉ ላምቤቦ
ድሬስደን

በጌታ ስም ሰላም እልሃለሁ፣ ወንድም ዓለሜ። ብርዱ እንዴት ያደርግሃል? ያን ሹራብ ልበሰው፤ ሻንጣ እንዲያሞቅ አይደለም የሠራሁት። እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ራት ሳቀርብ እጄ ሳላስበው ለሦስት ሰው ይቆርሳል እንጂ ሌላ የጎደለብን ነገር የለም። እማማ ከሞተች ወዲህ ሦስት ነበርን፣ አሁን ደግሞ ሁለት ሆንን። ለመድነው እንዳልልህ ሁለት ወር ምን አላት?

ደብዳቤህን የፖስታ ቤቱ ጥላዬ በቆሎ ሊያስፈጭ ሲመጣ ይዞልን መጣ። የገበያ ቀን ነው፣ ከአንጋጫ የመጡ ሴቶች ሳይቀሩ ወረፋ ይዘዋል። እኔ ሞተሩን አስቁሜ ማንበብ ጀመርኩ። አጉረመረሙ። «ከአክሊሉ ነው» ስላቸው ግን ጆንያቸው ላይ ቁጭ ቁጭ ብለው ሰሙልኝ። «አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ» የሚለው ጋ ስደርስ አባባ «ይህ ልጅ ደብዳቤውን ስብሰባ ላይ ሆኖ ነው እንዴ የጻፈው?» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁብህ።

የወፍጮ ቤቱ ቤት እንደምታውቀው ትርፍ ተብሎ ለቀበሌ ስለሆነ ኪራይ እየከፈልን ነው። ሞተሩና ድንጋዩ ግን የእኛው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ድንጋዩ ተወቀረ። አባባ ድንጋዩ ላይ ከተፈለፈሉት ቦዮች ሃያ ሦስቱን ራሳቸው መትተው ሃያ አራተኛዋን ተዉአት። አዲሱ ሞተረኛችን ፋንታሁን «ጋሼ፣ አንዷን ረሱ» ቢላቸው «አልረሳሁም፣ እሷ የአክሊሉ ናት» አሉት። ከልጅነትህ ጀምሮ የመጨረሻዋን ሲያስመቱህ ኖረው እንዴት ብለው ይምቷት? ፋንታሁን ሞተር እንጂ የእኛን ቤት ነገር መቼ ያውቃል።

አሁን አባባ አጠገቤ ቆመው ቃል በቃል ጻፊ እያሉኝ ስለሆነ እጽፋለሁ።

«አንተ ልጅ፣ ይዘኸው የሄድከውን የአያትህን መውቀሪያ ዘይት ቀባው። በጨርቅ ጠቅልለህ አስቀምጠው እንጂ እንደ ሹካ ጠረጴዛ ላይ አታንጋለው። በዚያም አገር ወፍጮ አለ ይላሉ። ሄደህ ድንጋያቸውን እይ፣ ቦዩንም ቁጠር። ከእኛ ካነሰ ጻፍልኝ። ከእኛ ከበለጠ ዝም በል።»

ሌላም ብዙ ብለዋል፤ ወረቀቱ አለቀ። ደግሞ የሞተሩ ቺንጋ፣ ድንጋዩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ተበልቷል፣ እዚያ የሚገኝ ከሆነ ጠይቅልን።

እህትህ ገነቴ

*

ድሬስደን፣ ጥር 14 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእህቴ ለገነቴ እና ለአባባ

በዚህ ጊዜ አብዮቱን ትቼ በእግዚአብሔር ሰላምታ እጀምራለሁ። አባባ ይሳቁ፣ ግድ የለም፤ ከዚህ ሆኜ ሳቃቸው ይሰማኛል።

እኔ ደህና ነኝ። ሹራቡን ለብሻለሁ፤ እንዲያውም አላወልቀውም። እዚህ የሚገርመኝ ዝምታው ነው። በረዶ ሲወርድ ከተማው ጥጥ የተጠቀጠቀበት ጆሮ ይሆናል። እኔ ደግሞ ተወልጄ ያደግሁት የእኛ ወፍጮ ጭስ ማውጫ ቱፍ ቱፍ ሲል ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ሰው ሁሉ «ላምቤቦ ተነሡ» ይል አልነበር? እዚህ የሚያስነሳኝ ደወል ነው። ደወል ስም የለውም።

አባባ፣ እንዳዘዙኝ ወፍጮ ፍለጋ ሄድኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የውሃ ወፍጮ አለ። መሥራት ካቆመ ቆይቷል፣ ለሰው ማሳያ ነው ያደረጉት። ጠባቂው ሽማግሌ መውቀሪያውን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው አገላብጠው አዩትና ማን እንደሠራው ጠየቁኝ። ጣልያን መንገድ ሲሠራ ጥሎት በሄደው ብረት አያቴ አንጁሎ አንጋጫ ላይ ያስቀጠቀጠው ነው አልኳቸው። አያቴ በዚህ መውቀሪያ የእጅ ወፍጮ እየጠረበ በአህያ እየዞረ ይሸጥ እንደነበር፣ በሆሳዕና የአያቴ ድንጋይ ያልገባበት ጓዳ እንደሌለ፣ አባቴ በ1948 ሞተር ሲያስመጡ ድንጋዩን የወቀሩት በዚሁ እንደሆነ ነገርኳቸው። ቋንቋዬ ገና ነው፤ ግን ይህን ስናገር አልተደናቀፍኩም። ጀርመንኛው ከየት እንደመጣልኝ እኔም አላውቅም።

ቦያቸውንም ቆጥሬያለሁ። ዝም በል ስላሉኝ ዝም ብያለሁ።

ገነቴ፣ ሃያ አራተኛዋን እንደተውልኝ ያነበብኩ ቀን፣ ማታ መውቀሪያውን ከጨርቁ አውጥቼ እንዲሁ ይዤው ተቀመጥኩ። የአባባ እጅ ላብ ጠልቆበት መያዣው ጠቁሯል አይደል? ያችን የጠቆረችውን ቦታ ነው የምይዛት። ቺንጋውን በልኩ ካገኘሁ እልካለሁ፣ ስፋቱን ለክተሽ ጻፊልኝ።

ናፋቂያችሁ አክሊሉ

*

ሆሳዕና፣ ነሐሴ 20 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአክሊሉ

የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው፣ አትቀየመኝ። ሰላምታዬ ከክረምቱ ጭቃ ጋር ይድረስህ። እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። አባባ ሰላም ይሉሃል።

የጸሎት ቤታችን በር እንደታሸገ ነው፤ እኛም በየቤታችን እንዘምራለን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። እቴቴ ትርፊት ከአንጋጫ መጥታ ሰንብታ ሄደች። ቡላ ይዛ ነበር የመጣችው፣ አንተን እያነሣን በላን።

አክሊሉ፣ ያስቸገረኝ ድንጋዩ ነው። ዱቄቱ ሻካራ ሆኗል። እንደ አባባ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ አሽቼ ሳየው አሸዋ ነው የሚመስለው። ወፍጮው ይጮሃል እንጂ አይፈጭም፤ ድንጋዩ ይግልና ዱቄቱ የተቃጠለ ይሸታል። ቦዩ ሁሉ ሊደፈን ነው። እኔና ፋንታሁን ልንወቅር ሞክረን ነበር። ያ አባባ ሲጠቀሙበት የነበረው ሁለተኛው መውቀሪያ አልቆ አልቆ ጣት አክሏል። ቀጥቃጩ ከመኪና ባሌስትራ አዲስ ሠራልኝ፣ ሦስት ጊዜ መታሁበት፣ በአራተኛው ጫፉ ተሰበረ። ሌላ ሠራ፤ እሱ ደግሞ ለስልሶ ተጣጠፈ። ድንጋዩ እኔ ላይ የሚስቅ ነው የመሰለኝ።

በዚያ ላይ የገበሬ ማኅበሩ አዲስ ወፍጮ ከገበያው በላይ ተከፍቷል። የእሱ ዱቄት ነጭና ደቃቅ ነው ይላሉ። ደንበኞቻችን ያፍራሉ፤ በዚያ በኩል ሲሄዱ ጆንያቸውን በነጠላ ሸፍነው ነው የሚያልፉት። አላየሁም ብዬ ፊቴን አዞራለሁ። ምን ላድርግ?

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። የአያታችንን መውቀሪያ ላክልኝ። ከእናንተ የሚመለስ ተማሪ አይጠፋም፣ በእሱ እጅ ላከው። ድንጋዩ ሲስተካከል መልሼ እልክልሃለሁ። ቺንጋውን ተወው፣ ቺንጋ አሁን ምን ያደርግልኛል።

እህትህ ገነቴ

*

ድሬስደን፣ ጥቅምት 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእህቴ ለገነቴ

መስቀሉን እንዴት አሳለፋችሁት? እዚህ ያለን አምስት ሐበሾች ተሰባስበን ቅቤ የሌለው ክትፎ ሠራን። ክትፎ አትበይው። ግን እንደ አገራችን ሥጋውን ለሽማግሌው ቀድመን እንቁረስ ተባለና ሽማግሌ አጣን፤ ትልቁ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ሳቅን፣ ኋላም ለእሱ ቆረስንለት።

መውቀሪያውን ልልክልሽ ጨርቁን ሁሉ ፈትቼ ነበር። ከዚያ እጄ እምቢ አለኝ። አንቺ የማታውቂው ነገር አለ። አውቶቡስ ተራ ስትሸኙኝ አንቺ ቆሎውን ልታቀብዪኝ በመስኮት በኩል ዞርሽ፤ ያኔ አባባ አንገቴን ይዘው በጆሮዬ እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ በምድር ላይ እስካለሁ ይህ መውቀሪያ ከእጅህ አይውጣ።» እሺ አልኳቸው። ምዬላቸዋለሁ፣ ገነቴ። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ስለዚህ ይህን ለአባባ አንብቢላቸው። ይላክ ካሉ በማግስቱ እልካለሁ። ግን ከራሳቸው አፍ ይሁን፣ እንደ በፊቱ ቃል በቃል ጻፊልኝ። ባለፈው ደብዳቤሽ አንድም ቃላቸው የለም። አባባ ደብዳቤ ሲጻፍ ዝም ብለው የሚቀመጡት ከመቼ ወዲህ ነው? ታመዋል እንዴ? ከታመሙም ንገሪኝ፣ ልጅ አይደለሁም።

መልስሽን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ አክሊሉ

*

ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአክሊሉ

ጌታ ይጠብቅህ። ስድስት ወር ያለ መልስ ማስቀመጤን አውቃለሁ፣ ምክንያት አልደረድርልህም። ብዕር አነሣና አስቀምጣለሁ።

አባባ ሰላም ይሉሃል። ደብዳቤህን አንብቤላቸዋለሁ። ያሉት ይህ ነው፦ «ቃል ቃል ነው። እኔ በምድር ላይ እስካለሁ ከእጁ አይወጣም። አይላክ።»

ስለዚህ አትላከው። አደራ።

እኛ ከቀጥቃጭ ቀጥቃጭ እየዞርን ነው። እስከ ሾኔ ድረስ ሄጄ ነበር፣ እዚያም አልሆነልኝም። ቀበሌው ወፍጮው ሥራ ከፈታ ቤቱ ለሱቅ ይፈለጋል ብሎናል፤ የሰጡን ጊዜ እስከ መስከረም ነው። ፋንታሁን ቀን ቀን የሰው ግንብ ይሠራል፣ ማታ መጥቶ ሞተሩን ያጸዳል። የማይሠራ ሞተር ምን እንደሚያጸዳ ብትጠይቀው ጨርቁን መልሶ ዘይት ይነክራል።

አንድ ነገር ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት እቴቴ አባይነሽን፣ ያቺን ጎረቤታችንን፣ መንገድ ላይ አገኘኋት። በማኅበሩ ወፍጮ ነው የምታስፈጪው ብዬ በነገር ወጋ አደረግኋት። «እኔ?» አለችኝ፤ እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። መዳፏ ውሃ ቋጥሯል። የአያታችንን የእጅ ወፍጮ ከጓዳ አውጥታ እየፈጨች ነው ለካ። እናንተ እስክታስተካክሉ ብዬ ነው አለችኝ። እሷ ብቻ አይደለችም፣ ብዙ ሴቶች እንደዚያ እያደረጉ ነው። እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ። በስድሳ ዓመቷ በእጇ ትፈጭልኛለች፣ እኔ ደግሞ በነገር እወጋታለሁ!

አንተ ትምህርትህን ብቻ አስብ። ስለ እኛ አትጨነቅ።

ገነቴ

*

ድሬስደን፣ ሰኔ 11 ቀን 1974 ዓ.ም.
በተረፈ እጅ

እህቴ ገነቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ይህን የሚያደርስልሽ ተረፈ የዱራሜ ልጅ ነው፤ ትምህርቱን ጨርሶ መመለሱ ነው። ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይሰጥሻል። ሳትፈቺው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔም በመላኬ ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ገነቴ፣ ውሸት አታውቂበትም። ይላክ ብለው ብትጽፊ ኖሮ አምንሽ ነበር። አይላክ ብለው ብትጽፊ ነው ያወቅሁት። የእኛ አባባ ድንጋዩ ደንዝዞ፣ ቤቱ ሊወሰድ፣ ሴቶቹ በእጃቸው እየፈጩ፣ ስለ አንድ ቃል ብለው መውቀሪያ ያስቀራሉ? ለዚያ ድንጋይ ሲሉ እኔንም አንቺንም ይሸጡን ነበር። «ቂል ልጅ፣ ድንጋዩ እየሞተ መሐላ ትቆጥራለህ? ዛሬውኑ ላክ!» ነበር የሚሉት። በሕይወት ያለ አባባ እንዲህ ይላል። አንቺ ከሞቱ በኋላ ቃላቸውን ልታከብሪ ብለሽ ነው የጻፍሽው። አነበብኩት፣ ደገምኩት።

እዚህ ላሉት ሐበሾች ነገርኳቸው። ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈው ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ። ጎረቤቶቹ ጀርመኖች ምን እንደሆንን ሲጠይቁ ተረፈ የዚህ ልጅ አባት ሞተው ነው አላቸው። መቼ ቢሉት ወደ እኔ ዞረ። እኔም አላውቅም። መቼ እንደሞቱ ሳላውቅ አለቀስኩላቸው።

አልተቀየምኩሽም። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር እኔም አውቃለሁ። ብቻዬን እንዳላነብበው ፈርተሽ ነው።

አሁን ስሚኝ። መውቀሪያውን ጨምቀሽ አትያዥው፣ ክብደቱ ራሱ ይምታልሽ። ከመሃል ጀምረሽ ወደ ዳር ውጪ። ድንጋዩ እምቢ ሲልሽ አትታገይው፣ በሌላ በኩል ዞረሽ ምቺው። ዓይንሽን በነጠላ ሸፈን አድርጊ፣ ፍንጣሪው ክፉ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ተኩል ይቀረኛል፤ ከዚያም የት እንደምመደብ አላውቅም። ስለዚህ ሃያ አራተኛዋንም አንቺው ምቻት። ባዶዋን አትቆይ።

አክሊሉ

*

ሆሳዕና፣ ነሐሴ 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

አክሊሉ ወንድሜ፣ የአባባ ምርቃት ባለህበት ይከተልህ።

ተረፈ በሚገባ አደረሰልኝ። ጥቅሉን ሲሰጠኝ ክብደቱን በእጄ አወቅሁት፤ እሪ አልኩ። እቴቴ አባይነሽ ድምፄን ሰምታ ሮጣ መጣች። «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ ያልኳት «ነገረኝ» ብቻ ነው። ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ እንዴት እነግረዋለሁ ብዬ ሳልተኛ ኖሬ አንተው ነገርከኝ።

እንግዲህ ልንገርህ። የሞቱት ባለፈው ዓመት ግንቦት 7 ነው፣ ዓርብ ቀን። ጠዋት ሞተሩን ራሳቸው አስነሡ። ያቃጥለኛል ብለው ደረታቸውን ይዘው ጆንያ ላይ ተቀመጡ፤ ሐኪም ቤት ሳንደርስ አለፉ። ሲቀበሩ ከአንጋጫም ከሾኔም ሰው መጣ። በአደባባይ መዘመር ስለማይቻል ሰዉ አፉን ዘግቶ በጉሮሮው ብቻ አዜመላቸው። ያን ያህል ሰው አፉን ዘግቶ ሲያዜም ምን እንደሚመስል ልነግርህ አልችልም። ፋንታሁን ሞተሩን ረስቶት ነበር፤ ከቀብር ስንመለስ ባዶውን ይዞራል። ያኔ ነው ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ተፋጭቶ የደነዘዘው። ፋንታሁንን አትቆጣው፣ ራሱን ሲቆጣ ነው የከረመው።

ሽማግሌዎቹ አትጻፊለት አሉኝ። ሲመለስ አንጋጫ እቴቴ ትርፊት ዘንድ እናሳድረዋለን፣ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ይነግረዋል፣ ሰው ይዞት ያለቅሳል ተባለ። ጥላዬ እንኳን ደብዳቤህን ባመጣ ቁጥር በዓይኑ ይለምነኛል፣ እንዳልጽፍልህ። ከተማው ሁሉ አንተን ጠበቀልኝ። እኔ ግን «አባባ ሰላም ይሉሃል» ብዬ በጻፍኩ ቁጥር በማግስቱ እህል አይወርድልኝም ነበር።

ስለ «አይላክ» ያልከው እውነትህን ነው። ሳነበው በለቅሶዬ መሃል ሳቅሁ። «ዛሬውኑ ላክ!» ነበር የሚሉት፣ በጆሮዬ ሰማኋቸው። እኔ እኮ በሞታቸው ጨዋ አደረግኋቸው!

ድንጋዩን አራት ቀን ወቀርኩት። ፋንታሁን ገልብጦ አስተካከለልኝ፣ ከዚያ ወዲያ እጁን አላስገባም። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ቦይ ብቻ ነው የመታሁት፣ እነሱም ጠማማ ናቸው። በሁለተኛው ቀን እንዳልከው እጄን አላላሁት፤ ክብደቱ ራሱ ይመታ ጀመር። እጄ ያችን የጠቆረችውን ቦታ ያዘ። አንተም እዚያው ይዘህ ነበር አይደል? መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ አሁን እኔና እቴቴ አባይነሽ እኩል ነን።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን አስነሣን። የመጀመሪያውን ዱቄት በሁለት ጣቴ አሸሁት። እንደ አባባ ዱቄት አይደለም፣ አልዋሽህም፤ ግን ዱቄት ነው። ሳላስበው ቀና ስል በሩ ላይ ሴቶቹ ቆመዋል። ማንም የጠራቸው የለም፣ ቱፍ ቱፉን ሰምተው ነው የመጡት። አንዷ «ላምቤቦ ተነሡ» አለች፤ ሌሎቹም ጆንያቸውን እያወረዱ ወረፋ ያዙ። የቀበሌውም ሰው መጥቶ አይቶ ሄደ። ሱቁን ሌላ ቦታ ይፈልጉለት።

አሁን አንድ ያልታዘዝኩህ ነገር አለ። ሃያ ሦስቱን መታሁ። ሃያ አራተኛዋ ላይ መውቀሪያውን አነሣሁና ቆምኩ። አባባ ከሄድክ በኋላ አራት ጊዜ ሲወቅሩ አራት ጊዜ አልፈዋታል። ልትጠፋ ትንሽ ነው የቀራት፣ በጣት ካልዳሰሷት አትታይም። ፋንታሁን ምቻት እንጂ አለኝ። መታሁ ብዬ ልጽፍልህም አሰብኩ። ውሸት አላውቅበትም አልክ፣ እውነትህን ነው። አልመታኋትም። ዱቄቱ ምንም አልሆነ።

የት እንደምትመደብ አላውቅም ብለሃል። የፈለጉበት ይመድቡህ፣ አሰብ ይሁን ጎንደር። ለአንዲት ቦይ የግማሽ ቀን ሥራ ናት፣ ለግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቅ።

መውቀሪያው ዘይት ተቀብቷል፣ በራስህ ጨርቅ ተጠቅልሎ አባባ ይቀመጡበት በነበረው በርጩማ ላይ ነው። ማንም አይነካውም። መጥተህ ምታት።

እህትህ ገነቴ ላምቤቦ